ሩቁ ሱፐርኖቫ ደበዘዘ ማለት እንዴት ዩኒቨርስ ፈጠነ ማለት ይሆናል?

ጥያቄው፦ «በ1998 ሩቅ ያሉ ሱፐርኖቫዎች (የሚፈነዱ ኮከቦች) ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ታዩ፤ ስለዚህ የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ ነው፣ የሚያፈጥነው ዳርክ ኢነርጂ የሚባል ምንነቱ ያልታወቀ ነገርም አለ ተባለ። ግን ሩቁን ስናይ የምናየው ጥንቱን ነው። ሩቅ ያሉት በፍጥነት የሚሸሹ ከሆነ፣ ያ የሚያሳየው ድሮ ፈጣን እንደነበረና አሁን እንደቀዘቀዘ አይደለም ወይ? ደግሞስ አቧራ ከልሏቸው ቢሆንስ? ወይም የድሮዎቹ ሱፐርኖቫዎች ከአሁኖቹ ደከም ያሉ ቢሆኑስ?»

መልስ፦

ጥያቄዎ ሦስት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ፊዚክስ የተማረም ይወድቅበታል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ወድቄበታለሁ። ሁለቱ ግን ወጥመድ አይደሉም። የዘርፉ ሰዎች ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የተከራከሩባቸው ናቸው፤ የመጨረሻው ላይ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከወጥመዱ ልጀምር።

ከአንድ ሱፐርኖቫ ሁለት ነገር እንለካለን። አንዱ ሬድሺፍት ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ ጠፈሩ ራሱ ይለጠጣል። የብርሃኑ ሞገድም አብሮ ይለጠጥና ወደ ቀይ ያዘነብላል። ብዙ ጽሑፎች ይህን «የሽሽት ፍጥነት» ይሉታል። ለቅርብ ጋላክሲ ችግር የለውም፤ ለሩቁ ግን ነገር ያበላሻል። እንዲህ ቢይዙት ይሻላል፦ ሬድሺፍት 0.5 ማለት ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ ዩኒቨርስ 1.5 እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ሬድሺፍት 1 ከሆነ ደግሞ ሁለት እጥፍ። በቃ። ምን ያህል እንደተለጠጠ ይነግረናል እንጂ በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ አይነግረንም።

ሁለተኛው ድምቀት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምቀት ሩብ ይሆናል። ፍንዳታው በራሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያወጣ ካወቅን፣ እኛ ጋ የደረሰውን ለክተን ርቀቱን እናሰላለን። ርቀቱን ካወቅን ብርሃኑ ስንት ዘመን እንደተጓዘም እናውቃለን።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ዩኒቨርስ 1.5 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ስንት ዘመን ፈጀበት? የዛሬው የመስፋፋት ፍጥነት ከቅርብ ጋላክሲዎች ይታወቃል። ድሮ ከዛሬው ይልቅ በጣም ፈጣን ከነበረ፣ ያን ያህል ለመለጠጥ አጭር ዘመን ይበቃዋል። ብርሃኑም ብዙ ሳይጓዝ ይደርሰናል፤ ሱፐርኖቫውም ደመቅ ብሎ ይታያል። ድሮ ዝግ ብሎ ይሰፋ ከነበረ ግን ረጅም ዘመን ይፈጅበታል። ብርሃኑም ብዙ ተጉዞ፣ ደክሞ ይደርሳል።

በቁጥር እንየው። የዛሬውን ፍጥነት በአንድ ሜጋፓርሴክ 70 ኪሎሜትር በሰከንድ እንበል። (አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው።) ዩኒቨርስ ውስጥ ቁስ አካል ብቻ ቢኖርና ስበቱ መስፋፋቱን እያቀዘቀዘው ቢመጣ፣ ሬድሺፍት 0.5 ላይ ያለ ብርሃን የተነሣው ከ4.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት ይሆናል። ዛሬ በምንቀበለው ሞዴል ግን ከ5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። የ800 ሚሊዮን ዓመት ተጨማሪ ጉዞ ማለት ነው። መደብዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሩቅ ያሉት በፍጥነት መሸሻቸው ለመፍጠኑ ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። ሩቅ ያለ ጋላክሲ በፍጥነት መራቁ ኤድዊን ሃብል በ1929 ካሳየው ጀምሮ የታወቀ ነው፤ መስፋፋቱ ቢቀዘቅዝም ቢፈጥንም እውነት ነው። ማስረጃው ለዚያ መለጠጥ ርቀቱ በዝቶ መገኘቱ ነው። የእርስዎ ሐሳብ፣ ማለትም ድሮ ፈጣን ነበር አሁን ቀዝቅዟል የሚለው፣ ሱፐርኖቫዎቹ ደምቀው እንዲታዩ ይጠይቃል። የሆነው ተቃራኒው ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን አንድ ነገር ላይ ነው፦ የፍንዳታውን እውነተኛ ብርሃን ማወቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ጥያቄዎችዎ ያነጣጠሩት እዚህ ነውና።

ሥራ ላይ የሚውለው «ዓይነት አንድ ኤ» የሚባለው ሱፐርኖቫ ብቻ ነው። የሚፈነዳው ነጭ ድንክ ኮከብ ነው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲያበቃ የሚቀረው፣ መሬትን የሚያክል፣ ካርቦንና ኦክስጅን የታመቀበት ቅሪት ማለት ነው። ብቻውን ቢሆን ለዘላለም ቀስ እያለ ይቀዘቅዝ ነበር። ጎረቤት ኮከብ ካለው ግን ወይ ከጎረቤቱ ቁስ ይስባል፣ ወይ ከሌላ ነጭ ድንክ ጋር ይላተማል። ክብደቱ ወደ 1.4 ፀሐይ ሲጠጋ ካርቦኑ ይቀጣጠላል፤ በሰከንዶች ውስጥም ኮከቡ ብትንትኑ ይወጣል። በየትኛው መንገድ የሚፈነዳው ይበዛል የሚለው እስካሁን ያልተዘጋ ክርክር ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ብርሃኑ ደግሞ የሚመጣው ከፍንዳታው ነበልባል አይደለም። ፍንዳታው ብዙ ኒኬል 56 ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይን ክብደት ግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ የሚል። ኒኬሉ ራዲዮአክቲቭ ነው። በ6 ቀን ግማሹ ወደ ኮባልት ይለወጣል፤ ኮባልቱም በ77 ቀን ግማሹ ወደ ብረት ይለወጣል። ሱፐርኖቫው ለሳምንታት የሚያበራው በዚህ ሙቀት ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ብዙ ቢሊዮን ፀሐይ ይደምቃል፤ ለዚህ ነው ከግማሽ ዩኒቨርስ ማዶ የሚታየን።

ሁሉም እኩል ይደምቃሉ ወይ? አይደምቁም። ይህን ጉዳይ በደንብ ያሳየው ማርክ ፊሊፕስ ነው። በ1993፣ ቺሊ ውስጥ ካለው የሴሮ ቶሎሎ ኦብዘርቫቶሪ ሆኖ፣ ደማቆቹ ቀስ ብለው እንደሚደበዝዙ፣ ደካሞቹ ደግሞ ቶሎ እንደሚጠፉ አሳየ። ብዙ ኒኬል ያለው ይበልጥ ያበራል፤ ብርሃኑም ከፍርስራሹ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብርሃኑ ከጫፉ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ምን ያህል እንደወረደ ይለካል፤ ከዚያ ድምቀቱ ይታረማል። ቀለሙም እንዲሁ ይታረማል። ከእርማቱ በኋላ የአንዱ ሱፐርኖቫ ርቀት በ7 በመቶ ገደማ ስሕተት ይታወቃል። በሥነ ፈለክ ይህ ወርቅ ነው።

ችግሩ መቼ እንደሚፈነዱ አለመታወቁ ነው። አንድ ጋላክሲ ውስጥ በመቶዎች ዓመት አንዴ ነው የሚከሰት። ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ሰዓት የሚሰጠው ደግሞ ከወራት በፊት በማመልከቻ ነው። «ነገ የሚፈነዳ ነገር አለ፣ ሰዓት ስጡኝ» ብሎ ማመልከቻ ማን ይቀበላል? መፍትሔውን ያመጣው በበርክሊ የሚገኘው የሶል ፐርልሙተር ቡድን ነው። ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን ፎቶ ያነሳሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሰማይ ደግመው ያነሳሉ። አንዱን ከሌላው በኮምፒውተር ይቀንሳሉ። የቀረው ነጥብ ሁሉ እጩ ነው። የሦስት ሳምንቱ ልዩነት የተመረጠው ሱፐርኖቫ ጫፉ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚቀራረብ ነው። ሱፐርኖቫ በቀጠሮ የሚገኝ ነገር ሆነ ማለት ነው። በአስትሮኖሚ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ዘዴ የለም።

በ1994 ብሪያን ሽሚትና ኒኮላስ ሰንትዜፍ ተፎካካሪ ቡድን አቋቋሙ። አዳም ሪስ የዚህኛው ቡድን አባል ነበር። ሁለቱም የፈለጉት መስፋፋቱ ምን ያህል እየቀዘቀዘ እንደሆነ ለመለካት ነበር። መቀዝቀዙን ማንም አልተጠራጠረም። የፐርልሙተር ቡድን በ1997 በመጀመሪያዎቹ 7 ሱፐርኖቫዎች ያወጣው ውጤትም ወደ ቁስ አካል የበዛበት፣ እየቀዘቀዘ ወደሚሄድ ዩኒቨርስ ያዘነበለ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ተገለበጠ። በ1998 የሽሚት ቡድን በ16 ሩቅ ሱፐርኖቫዎች፣ በ1999 የፐርልሙተር ቡድን በ42 አንድ ዓይነት መልስ አወጡ። የሽሚት ቡድን እንዳሰላው፣ ሩቆቹ ቁስ አካል ጥቂት በሆነበትና ሌላ ምንም በሌለበት ዩኒቨርስ ከሚጠበቀው ርቀት ከ10 እስከ 15 በመቶ ርቀው ተገኙ። በድምቀት ሲተረጎም 20 በመቶ ገደማ መደብዘዝ ነው። በ2011 ፐርልሙተር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማቱን ግማሽ፣ ሽሚትና ሪስ ሌላውን ግማሽ ወሰዱ።

20 በመቶ ብቻ! እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄዎ የሚነሣው እዚህ ጋ ነው። 20 በመቶ ብርሃን አቧራ በቀላሉ አይውጥም ወይ?

ይውጣል። ግን ተራ አቧራ ፊርማ ጥሎ ያልፋል። ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚበላ የሚያልፈው ብርሃን ይቀላል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ቀልታ የምትታይ ለተመሳሳይ ምክንያት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሱፐርኖቫ በተለያዩ የቀለም ማጣሪያዎች ይለካል። ከልክ በላይ ከቀላ አቧራ እንዳለ ይታወቃል፤ ይታረማልም። የ1998ቶቹ ሩቅ ሱፐርኖቫዎች ደብዝዘው ነበር እንጂ ያን ያህል አልቀሉም።

ብልጥ ሰው እዚህ ጋ አያቆምም። ሁሉንም ቀለም እኩል የሚውጥ «ግራጫ አቧራ» ቢኖርስ? በ1999 ይህ በቁም ነገር ቀርቧል። ቅንጣቶቹ ተለቅ ያሉ ከሆኑ ቀለም ሳያበላሹ ማደብዘዝ ይችላሉ። በቀለም መለኪያ አይያዙም። ታዲያ እንዴት ይያዛሉ? ይበልጥ ሩቅ በማየት። አቧራ ቢሆን ርቀት በጨመረ ቁጥር መደብዘዙም መጨመር አለበት። ዳርክ ኢነርጂ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይጠበቃል። ዩኒቨርስ ገና ጠባብ ሳለ ቁስ አካሉ የታመቀ ስለነበር ስበት ያሸንፍ ነበር፤ መስፋፋቱም በእርግጥ ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ በጣም ሩቅ ያሉት ሱፐርኖቫዎች በአቧራው ግምት ከሚጠበቀው ደምቀው መታየት አለባቸው። የመደብዘዙ መስመር መታጠፍ አለበት ማለት ነው።

ታጠፈ። በ2001 በሃብል ቴሌስኮፕ የድሮ ምስሎች ውስጥ የተገኘው 1997 ኤፍ ኤፍ የተባለው ሱፐርኖቫ፣ ሬድሺፍቱ 1.7 ገደማ የሆነ፣ የመጀመሪያውን ፍንጭ ሰጠ። በ2004 ሪስና ባልደረቦቹ በዚያው ቴሌስኮፕ ከሬድሺፍት 1.25 በላይ ያሉ ጥቂት ሱፐርኖቫዎች ጨመሩበት። ከግራጫ አቧራ ግምት ጋር አልሄዱም። እኔን ያሳመነኝ የ1998ቱ ጽሑፍ ሳይሆን ይህ መታጠፍ ነው። አቧራ መቼ ማደብዘዝ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። ደግሞ ለእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄም ደስ የሚል መልስ ይሰጣል፦ ድሮ መስፋፋቱ ይቀዘቅዝ እንደነበር ትክክል ነዎት። ከ6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የፈጠነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የጥንቶቹ ሱፐርኖቫዎች በተፈጥሯቸው ደካማ ቢሆኑስ? ያኔ ኮከቦቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሂሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮችም ጥቂት ነበሩ። የሚፈነዳውን ነገር አስተዳደግ በቅጡ አናውቅም ብዬዎታለሁ። ታዲያ ምን ይዘን እንተማመናለን?

አንደኛ፣ የብርሃናቸውን ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በየቀለሙ ሲዘረዘር የሚያሳየውን መልክ፣ እናወዳድራለን። የሩቁና የቅርቡ በእጅጉ ይመሳሰላሉ። ሁለተኛ፣ ወጣትና አሮጌ ለማግኘት ወደ ጥንት መሄድ የግድ አይደለም። ዛሬም በቅርባችን ኮከብ መሥራት ያቆሙ ያረጁ ጋላክሲዎች አሉ፤ ወጣት ኮከብ የሚፈላባቸውም አሉ። ሁለቱ ውስጥ የፈነዱት ከእርማት በኋላ ይቀራረባሉ። ይቀራረባሉ አልኩ እንጂ እኩል ናቸው አላልኩም። በ2010 አካባቢ ልዩነት ተገኘ፦ ትልልቅ ጋላክሲዎች ውስጥ የፈነዱት ከእርማት በኋላም ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይደምቃሉ። ለምን እንደሆነ ስምምነት የለም። ከኮከቦቹ ዕድሜ ነው የሚል አለ፤ ከአቧራው ዓይነት ነው የሚልም አለ። እስከዚያው ይህም እንደ አንድ እርማት ሒሳቡ ውስጥ ይገባል።

በ2025 የደቡብ ኮሪያ ዮንሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእርስዎን ጥርጣሬ ወደ ጫፉ ወሰዱት። የወላጅ ኮከቦቹ ዕድሜ ድምቀቱን ስለሚያዛባ፣ ያ ሲታረም ዩኒቨርስ ዛሬ መፍጠኑን ትቶ መቀዝቀዝ ጀምሯል አሉ። ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም። የእኔ አስተያየት? የዕድሜው ጉዳይ መመርመር አለበት፤ ያቀረቡት የእርማት መጠን ግን የበዛ ይመስለኛል። ጥያቄውን ያነሡት በጥላቻ አይደለም፣ በመረጃ ነው።

ያም ሆኖ ዳርክ ኢነርጂ ዛሬ በሱፐርኖቫ ብቻ አልተንጠለጠለም። በ1990ዎቹ አንድ የሚያሳፍር እንቆቅልሽ ነበር፦ ቁስ አካል ብቻ ያለበት ዩኒቨርስ፣ ቅድም ባልነው ፍጥነት፣ ዕድሜው 9.3 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ይሆናል። ውስጡ ግን ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሚገመቱ ኮከቦች አሉ። ልጅ ከእናቱ በለጠ እንደማለት ነው። ዳርክ ኢነርጂ ሲጨመር ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ይሆንና ጣጣው ያልቃል። ከቢግ ባንግ የተረፈው የማይክሮዌቭ ጨረርም አለ። ከእርሱ የተገኘው መረጃ ጠፈር ጠፍጣፋ ጂኦሜትሪ እንዳለውና ቁስ አካል ለዚህ ጠፍጣፋነት ከሚያስፈልገው ጠቅላላ 30 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሸፍን ያሳያል። ቀሪው 70 በመቶ የሆነ ነገር መሆን አለበት። የጋላክሲዎች አሰፋፈር ደግሞ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይወስዳል። እነዚህ ውስጥ አንድም ሱፐርኖቫ የለም።

ምንነቱን ስንጠየቅ ግን ሁላችንም እንደ ተማሪ አንገታችንን እንደፋለን። ቀላሉ እጩ አንስታይን በ1917 ወደ እኩልታው ያስገባው ቋሚ ቁጥር ነው፦ ባዶ ጠፈር ራሱ የተወሰነ ኃይል አለው። ቁስ አካል ዩኒቨርስ ሲሰፋ ይሳሳል፤ ይህኛው አይሳሳም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ተሸንፎ ቆይቶ፣ ቁሱ ሲሳሳ ተራው ይደርሰዋል። ባለሙያዎች ባሕርዩን በአንድ ፊደል ይጠሩታል፣ ደብሊው። ደብሊው በትክክል ከዜሮ በታች 1 ከሆነ ቋሚው ነው። ከዚያ ፈቀቅ ካለ ወይም ከዘመን ዘመን ከተለዋወጠ ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ነው ወሬው የሞቀው። የዳርክ ኢነርጂ ሰርቬይ የተባለው የሰማይ ቅኝት ቡድን በ2024 ወደ 1,500 የሚጠጉ ሩቅ ሱፐርኖቫዎችን፣ ውጤቱን ከራሳቸው ደብቀው፣ ተንትነው አወጡ። አሪዞና ያለው ዴሲ የተባለው የጋላክሲዎችን ሬድሺፍት የሚለካ መሣሪያ ደግሞ የሚሊዮኖች ጋላክሲዎችን ካርታ ሠራ። ሁለቱ ከማይክሮዌቩ ጨረር ጋር ሲገጣጠሙ ዳርክ ኢነርጂ እየተዳከመ የመጣ ይመስላል። በ2025 የዴሲ ትንታኔ፣ እንደተጠቀሙበት የሱፐርኖቫ ስብስብ፣ ማስረጃው ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ይደርሳል። ሲግማ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ መለኪያ ነው፤ ፊዚክስ ውስጥ «አገኘን» የሚባለው 5 ላይ ነው።

«እንደ ስብስቡ» የሚለውን ልብ ብለው ካዩት ነገሩ ይገባዎታል። ሰማዩ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሱፐርኖቫዎቹን ማን እንደሰበሰባቸውና እንዴት እንዳረማቸው ይለያያል። የሩቁ መደብዘዝ የሚለካው ከቅርቡ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ቅርቦቹ ደግሞ ለብዙ ዓመት በተለያዩ ቴሌስኮፖች፣ በተለያዩ ማጣሪያዎች የተለቀሙ ናቸው። በሁለቱ መካከል የጥቂት በመቶ የድምቀት መዛነፍ ቢኖር፣ ዳርክ ኢነርጂ የተለወጠ ለማስመሰል ይበቃል። የ1998ቱን 20 በመቶ ግን አይነካውም። መፍጠኑና መለዋወጡ ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ብወራረድ አልፈራም፣ ሁለተኛው ላይ ገንዘቤን ኪሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ለዚህ ነው አሁን ብዙ ጉልበት ወደ ቅርቦቹ የዞረው። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለው ዚ ቲ ኤፍ የተባለው የሰማይ ቅኝት በአንድ ካሜራ ብቻ 3,628 ዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫዎችን ለቅሟል። ቺሊ ውስጥ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ 8.4 ሜትር መስተዋትና 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል። ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ ዓይን፣ በአንድ ዓይነት ማጣሪያዎች ያያል። የድሮዎቹ ደካማ ነበሩ ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ በዕድሜና በጋላክሲ ዓይነት ለይቶ ለማወዳደር የሚበቃ ብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው።